ሰውየው ሞቆታል ወይስ አልሞቀውም?

ሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ እንጦጦ ሥር ባለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነኝ። ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ሁለተኛው ፒሪየድ ተደውሏል። አንዱ የመስኮት መስታወት ስለሌለ ከባሕር ዛፉ በኩል የሚወርደው ብርድ ያለ ከልካይ ይገባል። በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው የተቀመጡት 68 የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች የሹራባቸውን እጅጌ እስከ ጣታቸው ጎትተዋል። የእንግሊዝኛ መምህርቷ ሲገቡ የያዙት ስድስት ወረቀት፣ አንድ ጥቅል ፕላስተርና ሁለት ጠመኔ ነው። በዚህ ክፍል የመማሪያ መጽሐፉ ለሦስት ተማሪ አንድ ነው የሚደርሰው። ለሁሉም ፎቶ ኮፒ ማስነሣት ደግሞ ከራሳቸው ደመወዝ የሚወጣ ወጪ ስለሆነ፣ አንዱን ገጽ ስድስት ብቻ አስባዝተው መጥተዋል።

ወረቀቶቹን ከክፍሉ ውጭ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ አራርቀው ለጠፏቸውና ተመልሰው ሕጉን ተናገሩ። ተማሪዎቹ አራት አራት ሆነው ይቧደናሉ። ከየቡድኑ አንዱ ሯጭ ነው። ወጥቶ የቻለውን ያህል ያነባል፣ በቃሉ ይዞ ይመለሳል፣ ለጓደኞቹ ይነግራቸዋል፤ እነሱ ይጽፋሉ። ሯጩ እስክሪብቶ ይዞ መውጣት አይችልም። የጎደለውን ለማምጣት ቀጣዩ ይሄዳል። እንዲህ እየተቀባበሉ ገጹ በደብተራቸው ላይ እስኪሞላ ድረስ ይቀጥላሉ።

«ሬዲ?» አሉ መምህርቷ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጫጫታ ልገልጸው አልችልም። 17 ቡድን፣ 17 ሯጭ፣ አንድ በር። የዩኒት ሊደሩ ጠብ የተነሣ መስሏቸው ከቢሯቸው ወጡ፤ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ አፍንጫቸውን ደቅነው የሚያጉተመትሙትን ልጆች አይተው ፈገግ ብለው ተመለሱ። በሩ አጠገብ ባለው ዴስክ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ እያለከለከ መጣና ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንዳይፈስበት የፈራውን ውሃ እንደሚያቀብል ሰው፣ «ሂ ሉክድ አት ዘ ፋየር» አለ። የምትጽፈው ልጅ «ሂ ሶው ዘ ፋየር» ብላ ጻፈች።

«ሶው አላልኩም! ሉክድ አት ነው ያልኩት።»

«ያው አየ ማለት አይደል?»

መምህርቷ ከኋላቸው ቆመው ይሰሙ ነበር። አልፈረዱም። «ሂድና ደግመህ አይተህ ና» አሉት፤ ልጁም ሮጠ።

ይህ ዘዴ በእንግሊዝኛ መምህራን ዘንድ «ራኒንግ ዲክቴሽን» ይባላል። ማንበብ፣ ማስታወስ፣ መናገር፣ ማዳመጥና መጻፍ በአንድ ጊዜ የሚሠሩበት ነው፤ ወጪው ደግሞ የጥቂት ገጽ ፎቶ ኮፒ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር የዘዴው ብልሃት አይደለም፤ በገጹ ላይ ያለው ታሪክ ነው። ብዙው አንባቢ በልጅነቱ የሰማው ነው። አንድ ባለጸጋ ከአሽከሩ ጋር ይወራረዳል። አሽከሩ ከተራራ ጫፍ ላይ ያለ ልብስና ያለ እሳት ቆሞ ካደረ መሬትና ከብት ሊሰጠው ቃል ይገባል። አሽከሩ ፈርቶ አንድ ሽማግሌ ያማክራል። ሽማግሌውም፣ ከሸለቆው ማዶ ካለው ተራራ ላይ እሳት አነድልሃለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓይንህን ሳትነቅል እሱን እያየህ እደር ይለዋል። ሰውየው በሕይወት ያድራል። ጌታው ግን እሳት ስታይ አድረሃልና ሞቆሃል፣ ውሉን አፍርሰሃል ይለዋል። ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። ገጹ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ቀሪውን መምህርቷ ሆን ብለው አስቀርተውታል። የተራራውንም ስም እሳቸው ናቸው የጨመሩት፤ እንጦጦ። በመስኮቱ በኩል ይታያል።

እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት ከፕላዝማ ፊት ለፊት ነው። 1997 ዓ.ም. ላይ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ስክሪኖች ገብተው፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት መተላለፍ ሲጀምር የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ብቁ መምህር ላላገኘ የገጠር ልጅም የአዲስ አበባው ልጅ የሚያገኘውን ትምህርት እኩል ለማድረስ ነበር፤ ያንን ምኞት ዛሬም አከብራለሁ። በእኔ ትምህርት ቤት የሆነው ግን እንዲህ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለችው አስተማሪ በፍጥነት ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ከጎረቤታችሁ ጋር ተወያዩ ትላለች፣ ሰዓት ይቆጠራል። እኛ ጥያቄው ምን እንደነበር ስንጠያየቅ ሰዓቱ ያልቃል። ጎበዝ ብላ ታመሰግነንና ትቀጥላለች። ያልመለስነውን መልስ ነው ያመሰገነችው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ትምህርቱ አብሮ ይሄዳል፤ አይመለስም። መምህራችን ከስክሪኑ አጠገብ እጃቸውን አጣምረው ይቆሙ ነበር። ሃያ ዓመት ያስተማሩ ሰው ነበሩ፤ ያ አቋቋማቸው ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም።

አንድም ቀን ግን «ደግመህ አይተህ ና» ያለኝ አልነበረም።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በአገራችን የአብዛኛው ትምህርት ማስተማሪያ እንግሊዝኛ መሆኑን አንዘንጋ። ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም በእሱ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ ከመቶ 3.3። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ ላይ መጫን ትክክል አይሆንም። የፊዚክስ ጥያቄ ለመመለስ ግን መጀመሪያ ጥያቄውን ማንበብ ይጠይቃል።

ስለ ማስተማሪያ መሣሪያ ስንነጋገር ዓይናችን ቶሎ ወደ ዕቃው ይሄዳል፤ ስክሪን፣ ታብሌት፣ ላቦራቶሪ፣ አሁን አሁን ደግሞ በቴሌግራም የሚዘዋወር ፒዲኤፍ። መምህርቷ ከክፍል በኋላ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት አሳዩኝ። መደርደሪያው ባዶ አይደለም። ከባሕር ማዶ በእርዳታ የመጡ ወፋፍራም መጻሕፍት ሞልተውታል። ለሌላ አገር ተማሪ፣ ለሌላ ሥርዓተ ትምህርት የተጻፉ ናቸው፤ ብዙዎቹ የተከፈቱ አይመስሉም። ተማሪው የሚሻማው በአጋዥ መጻሕፍቱና ባለፉት ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ነው። ይህም አይፈረድበትም። ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ነው፤ ከአራቱ አንዱን መምረጥ። በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ምንባቦችም አብዛኞቹ አጫጭርና የተቆራረጡ ናቸው፤ አንዱ ስለ ትራፊክ አደጋ፣ ሌላው ስለ ጤና፣ ሌላው ስለ ቱሪዝም። ከየምንባቡ ሥር አዲስ ቃላትና ጥያቄ አለ። ልጁ አራት ዓመት እንግሊዝኛ ተምሮ አንድ ሙሉ ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያነብ ሊወጣ ይችላል። ተረት ሰምቶ ላደገ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር ነው። በአማርኛ ጨዋታ መሐል «ከዚያስ?» የማይል ልጅ የት አለ? በእንግሊዝኛው ክፍል «ከዚያስ?» የሚያሰኝ ነገር አላገኘም።

ታሪክ ለቋንቋ ትምህርት ምን እንደሚያደርግ በጥንቃቄ የተፈተነበት አንድ ቦታ አለ፤ ፊጂ። እ.ኤ.አ. በ1980 ዋርዊክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉብሃይ የተባሉ ተመራማሪዎች በገጠር ትምህርት ቤቶች ለሚገኙ ክፍሎች ለእያንዳንዳቸው 250 ሥዕል ያላቸው የእንግሊዝኛ ታሪክ መጻሕፍት ሰጡ። ልጆቹ ከ9 እስከ 11 ዓመት የሆናቸው ነበሩ፤ እንግሊዝኛ የቤታቸው ቋንቋ አይደለም። አንዳንዱ ክፍል ዝም ብሎ በየቀኑ እንዲያነብ ተደረገ፤ ሌላው ከመምህሩ ጋር እያነበበ እንዲወያይ። ሌሎች ትምህርት ቤቶች በተለመደው የሰዋስውና የልምምድ መጽሐፍ ቀጠሉ። በዓመቱ መጨረሻ መጻሕፍቱ የደረሷቸው ልጆች በንባብ ችሎታ በተለመደው ፍጥነት እጥፍ ሄደው ተገኙ። በሁለተኛው ዓመት ጥቅሙ ወደ ሰዋስውና ወደ ጽሑፍ፣ አልፎም በሌላ የትምህርት ዓይነት ወደሚሰጠው ፈተና ተሻገረ። ሰዋስው ሳይማሩ ሰዋስው አወቁ ማለት ነው።

ለ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን ልቦለድ አውጥቶ መስጠት ብቻ አይበቃም። የቃላት ተመራማሪው ፖል ኔሽን እንዳሰላው፣ አንድ ሰው ያለ ረዳት ልቦለድ እንዲያነብ ከ100 ቃል 98ቱን ማወቅ አለበት። ለዚህም ከ8,000 እስከ 9,000 የሚደርሱ የቃል ቤተሰቦች ያስፈልጉታል። የእኛ ልጅ እዚያ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረዋል። ይህን ችግር ቀድሞ የተገነዘበው ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቤንጋል ውስጥ ሲያስተምር፣ ታሪኮችን በጥቂት ቃላት እያቀለለ የሚያቀርብ የንባብ መጽሐፍ ማዘጋጀት ጀመረ፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ 2,000 የሚጠጉ መሠረታዊ ቃላትን ዝርዝር አሳተመ። ማቅለል አንዱ መንገድ ነው። ሌላው መንገድ ደግሞ የሽሮ ሜዳዋ መምህር የመረጡት ነው፤ ልጁ ታሪኩን አስቀድሞ የሚያውቀው ከሆነ የማያውቀውን ቃል ታሪኩ ራሱ ይነግረዋል። «ቫሊ» የሚለውን ቃል አብዛኞቹ አያውቁም ነበር። እሳቱ ከምን ማዶ እንደነደደ ግን ሁሉም ያውቁታል። ማንም መዝገበ ቃላት አልገለጠም።

ይህ ታሪክ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ዛሬ አይደለም። ሃሮልድ ኩርላንደርና የሴም ቋንቋዎች ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሰበሰቧቸውን ተረቶች እ.ኤ.አ. በ1950 በኒውዮርክ ሲያሳትሙ የመጽሐፋቸው ርዕስ የሆነው ይኸው የተራራው እሳት ነው። ከእነሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ብሬንት አሻብራነርና ራስል ዴቪስ የተባሉ አሜሪካውያን በአገራቸው የእርዳታ ፕሮግራም ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ሥራቸው ለትምህርት ቤቶቻችን የንባብ መጻሕፍት ማዘጋጀት ነበር፤ ለዚያም በየአካባቢው እየዞሩ ተረት ሰበሰቡ። ከዚያ የተገኙትን ታሪኮች እ.ኤ.አ. በ1959 የአንበሳውን ጢም ተረት ርዕስ ባደረገ መጽሐፍ አሳተሙ። የእንጀራ ልጇን ፍቅር ለማግኘት ከአንበሳ ጢም ላይ ፀጉር እንድትነቅል የታዘዘችውን ሴት ታሪክ የማያውቅ ማን ነው? እ.ኤ.አ. በመስከረም 1962 ደግሞ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገቡ። በእነሱ እጅ ያለፉ ዛሬ አዛውንት የሆኑ ሰዎችን አነጋግሬ አውቃለሁ። ሰዋስውን ያስታወሰ የለም፤ መምህሩ ያነበበላቸውን ታሪክ ያስታወሱ ግን ብዙ ናቸው።

ከራሳችን ሰዎችም በእንግሊዝኛ የጻፉ አሉ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ «ዘ አፈርሳታ» የተባለውን አጭር ልቦለድ አሳተሙ። ዳኛቸው ወርቁ እ.ኤ.አ. በ1973 «ዘ ተርቲንዝ ሰን» ብለው አንድ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ፊታውራሪ ከልጆቹ ጋር ወደ ዝቋላ አቦ ያደረገውን ጉዞ ጻፉ። ሁለቱም የወጡት ቺኑዋ አቼቤ አማካሪ አርታኢ ሆነው ባሳደጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1962 በተጀመረው የሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ውስጥ ነው። ያ ተከታታይ ለምን እንደተመሠረተ ማስታወስ ያስፈልጋል። ርካሽ ሽፋን ያላቸውን መጻሕፍት ለአፍሪካ ተማሪዎች እጅ ለማድረስ ነበር። በሌሎች አገሮች ደረሰም። ኬንያ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ የእንግሊዝኛ ፈተና ሦስተኛው ወረቀት ተማሪው ካነበባቸው የተመረጡ መጻሕፍት ላይ ድርሰት እንዲጽፍ ያዝዛል። የንጉጊ ዋ ቲዮንጎና የማርጋሬት ኦጎላ ልቦለዶች በዚህ መንገድ የትውልድ መጻሕፍት ሆነዋል። ናይሮቢ ውስጥ ታክሲ ነጂ ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ ከተሳፋሪ ጋር ሲከራከር ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም ትምህርት ቤት ያነበቡት ነው።

በእኛ ሁለተኛ ደረጃ ግን የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ራሱን የቻለ ትምህርት አይደለም፤ ተማሪው ሊያነበው የሚገባ ተብሎ የተመረጠ ሙሉ መጽሐፍም የለም። «ዘ አፈርሳታ»ን ያገኘሁት እኔ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው፤ ጠርዙ በፕላስተር የተያያዘ። አንድ ቀን ማታ ጨረስኩት። በጉራጌ አገር አንድ ሰው ጎጆው ይቃጠልበታል፤ ማን እንዳቃጠለው ለማወቅ የአካባቢው ሕዝብ ለአውጫጭኝ ይሰበሰባል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ቋንቋው ንጹሕ ነው። ለ10ኛ ክፍል ተማሪ የተጻፈ ነው ቢሉኝ አምን ነበር። ይህ መጽሐፍ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሲያልፈው በኢትዮጵያ ክፍሎች ውስጥ አለመኖሩ ያሳዝነኛል፤ የወረቀት ዋጋ ብቻ የሚያስረዳው አይመስለኝም።

መምህርቷ በስድስቱ ወረቀት ያደረጉት ነገር ለአውጫጭኝ የቀረበ ነው። ሩጫው ካለቀ በኋላ የየቡድኑ ጽሑፍ ከግድግዳው ገጽ ጋር ተመሳከረ። «ስታንድድ» ብለው የጻፉ ዘጠኝ ቡድኖች ነበሩ። ሰሌዳው ላይ «ስቱድ» የሚለው ተጻፈ፤ የትኛውም ቡድን ሁለተኛ አይረሳውም፣ ሮጦ ያጣው ቃል ስለሆነ። ያ ቀጭን ልጅም ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ያለው «ሉክድ አት» ነው። «አየ» እና «ተመለከተ» ምን ለያቸው? መምህርቷ ሁለቱን የአማርኛ ቃላት ሰሌዳው ላይ ጻፉ። አንዱ ሳትፈልግም የሚሆን ነው፣ ሌላው ፈልገህ የምታደርገው ነው አለች ከኋላ ያለች ልጅ። ሰውየው እሳቱን ሳያውቅ አላየውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ተመልክቶታል። የክርክሩ ሥር እዚያ ላይ ነበር።

ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ለጌታው፣ ግማሹ ለአሽከሩ። ድሮ በአገራችን ችሎት ተሟጋች በትሩን ይዞ «ተጠየቅ!» ይል እንደነበር መምህርቷ አስታወሷቸው። አሁን መጠየቁ በእንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ ዝምታ ነበር። የአማርኛ ተናጋሪን ችግር ያየሁት እዚህ ላይ ነው። የእኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን እስከ መጨረሻ ይዞ ይቆያል፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ከባለቤቱ ቀጥሎ ወዲያው ግሡን ይጠይቃል። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው «ዘ ማን... ዘ ፋየር...» ይላሉ፣ ግሡ መጨረሻ ላይ እስኪመጣ ይጠብቃሉ፣ አይመጣም። መምህርቷ አላቋረጧቸውም። ሰሌዳው ላይ ሦስት መጀመሪያዎች ብቻ ጻፉላቸው፤ «አይ ቢሊቭ»፣ «ሂ ዲድ ኖት»፣ «ኢፍ ዩ»። ያ በቃ።

ለጌታው የቆመ አንድ ረጅም ልጅ ተነሣ። በአካሉ ባይሆን በሐሳቡ ሞቆታል አለ፤ «ሂዝ ቦዲ፣ ኖ። ሂዝ ማይንድ፣ የስ።» ወገኖቹ ዴስክ ደበደቡ። እሳቱ ባይኖር ይሞት ነበር፣ ስለዚህ እሳቱ ረድቶታል፣ መረዳት ደግሞ በውሉ ውስጥ አልነበረም። ለአሽከሩ የቆሙት ተያዩ። ክርክሩ ጠንካራ ነበር፤ እኔ ራሴ መልስ አላገኘሁለትም።

አባቷ ሸማኔ እንደሆነ በኋላ የነገሩኝ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። በሹራቧ እጅጌ ውስጥ እንዳለ ነው ያወጣችው። ቀስ ብላ፣ ከሰሌዳው ሦስተኛውን መጀመሪያ እያየች፣ «ኢፍ ዩ ሉክ ዘ ብሬድ፣ ዩ አር ኖት ፉል» አለች። ዳቦ ብታይ አትጠግብም። ክፍሉ አንድ አፍታ ጸጥ አለና ፈነዳ። የጎደለውን «አት» ማንም አላነሣም፤ መምህርቷም ያን ሰዓት አላነሡትም፤ በሰሌዳው ጥግ ላይ ብቻ በትንሹ ጻፉት። ልጅቷ ያላነበበችውን የታሪኩን መጨረሻ ራሷ ደረሰችበት። በተረቱ ሽማግሌው ዳኛውንና ጌታውን ግብዣ ይጠራቸዋል፤ የወጡን ሽታ እንጂ ምግቡን አያቀርብላቸውም። ይህን የያዘው ሁለተኛው ገጽ ገና በመምህርቷ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ፍርድ ሳይሰጥ ተደወለ። «ቲቸር፣ ከዚያስ?» እያሉ ከበቧቸው። «ነገ» አሉ መምህርቷ።

ቀጣዩ ፒሪየዳቸው ሌላ ሴክሽን ስለሆነ ወረቀቶቹን ከኮሪደሩ ለመሰብሰብ ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። አምስት ብቻ ነው ያገኙት። ከመጨረሻው መስኮት ሥር ፕላስተሩ ብቻ ቀርቷል። ዞር ሲሉ ሁለት ልጆች ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ስድስተኛው ገጽ በአንዱ ጉልበት ላይ ነው፤ ሌላው ደብተሩን ዘርግቶ ከላይ ጀምሮ በእጁ ይገለብጣል፣ ቡድናቸው የሳተውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም። መምህርቷን ሲያይ ልጁ ደንግጦ ተነሣ።

«ለወንድሜ ነው ቲቸር፤ ሰባተኛ ነው። አራት መስመር ነው የቀረኝ።»

መምህርቷ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ከግድግዳው ተደገፉና ጠበቁት።